ሶሌታ የተሞላበት ሰኔ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2012

ነርስ ሆኜ ሆስፒታል እያለሁ በየፈረቃው መጨረሻ እንጽፍ ነበር፤ ማን እንዴት አደረ፣ ማን በደቂቃ ስንት ጊዜ ተነፈሰ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዕር ያነሳሁት ዛሬ ነው። ያስጀመረኝ ባሌ ወልዴ ነው። «ዘሜ፣ ንዴትሽን ሁሉ ለእኔ ከምታወሪ ለወረቀት አውሪው፤ ወረቀት አስም የለበትም» አለኝ። ሳቀና ሳል ያዘው።

ንዴቴ ይኸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጎረቤታችን የመዝገቡ ሠራተኞች የጋራ አጥራችንን በመዶሻ ማፍረስ ጀመሩ። ሳይነግሩን። ወልዴ በገዛ እጁ የገነባው አጥር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል። መዝገቡ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። አጥር ብቻ ሳይሆን ቤተክርስቲያንም እንጋራለን፤ ሁለቱን ልጆቹን ክትባት የወጋሁት እኔ ነኝ። አሁን በአሮጌው ቤቱ ቦታ ፎቅ ሊያቆም ነው፤ እሱና ሚስቱ አልማዜ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ውስጥ ገብተዋል።

አገር በሙሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቤቱ ተቀምጧል። ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ተብሎ ጸሎታችን እንኳ በስልክ ሆኗል። እዚያ ማዶ አሥራ ስድስት ሰው ቆጥሬያለሁ። ማስክ ያደረገ አንድ፤ እሱም አገጩ ላይ።

ወልዴ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ሲስብ የኖረ መምህር ነው። ያ ሳንባ ይህን አቧራ እንዴት ይችላል?

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ሄጄ አናገርኩት፤ በጨዋ ደንብ። መዝገቡ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳኝ። የግንባታ ሥራ አልተከለከለም፣ ሲሚንቶ ቁጭ ካለ ድንጋይ ይሆናል፣ ሠራተኞቹም አንድ ቀን ሥራ ፈትተው ከዋሉ የሚበሉት የላቸውም አለኝ። አጥሩን ፎቁ ሲያልቅ አሳምሬ እሠራዋለሁ አለ። ባሌ መተንፈስ ተስኖታል አልኩት። እየጸለይንለት ነው አለኝ።

«ጸሎት አይደለም የጠየቅሁህ። አቧራው ላይ ውሃ እንድታርከፈክፍበት ነው።»

እሺ ሲስተር አለ። እስከ ማታ አንድ ጣሳ ውሃ አልተረጨም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሠራተኞች በአካፋ ተጣሉ። አንዱ የሌላውን ግንባር ከፈለው። ፎርማኑ ገመቹ፣ ከአምቦ በኩል የመጣ የሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው፣ የተመታውን ደግፎ በፈረሰው አጥር በኩል ወደ እኔ አመጣው። ኩሽና ውስጥ አስቀምጬ ሰፋሁት። ሰባት ስፌት። ልጁ ፊቱን ሳያጨማድድ ቻለው፤ ገመቹ ራሱን ይዞለት ነበር።

አንድ ነገር ልጻፍና ይውጣልኝ። ደሙ ሲፈስ ሳይ «ይበላችሁ» አልኩ በልቤ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደም ሳይ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

እሁድ፣ ግንቦት 9

ሳንሱሲ ሄጄ መጣሁ። የጸሎት ጓደኛዬ፣ እህት ፀጋ፣ እያለቀሰች ደውላልኝ ነው። ሳምንት የያዛት ጉንፋን አልለቅ ብሏት፣ ሆስፒታል መሄድ ፈርታ። መርፌ ወጋኋት፣ ጀርባዋን አሸሁላት፣ አንገቷን አቅፌ ጸለይኩላት። ማስኬን አውርጄ ነበር። አፍ ታፍኖ እንዴት ይጸለያል?

ወልዴ አትሂጂ ብሎኝ ነበር። ሕመምተኛ ፈርቼ አላውቅም፤ በጡረታዬ ልጀምር?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

የሲሚንቶ ማቡኪያው ሚክሰር መጣ። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አላቋረጠም። ወልዴ ጆሮው ውስጥ ጥጥ። ሲሚንቶ ሽሮው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ።

መወጣጫ አቆሙ። ሁለቱን አጣና የተከሉት እኔ ግቢ፣ ጎመን መደቤ ውስጥ ነው። ገመቹን ጠየቅሁት። ማዶ ቦታ ስለሌለ ነው፣ አቶ መዝገቡም አስፈቅጃለሁ ብለውናል አለኝ።

ማንም አላስፈቀደኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

ራሴን ያመኛል። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። አቧራው እኔም ውስጥ ገብቷል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሽንኩርት ጥጄ ጎመን ስከትፍ ወልዴ ከመኝታ ቤት ተጣራ፤ ቤቱ እየተቃጠለ ነው ወይ ብሎ። ዞር ስል ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል፤ ጭሱ ጣሪያ ነክቷል። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ድስቱን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ ሳብኩ። ምንም። ይኸው አፍንጫዬንም በሲሚንቶ ደፈኑት። በለብታ ውሃና በጨው አጠብኩት።

ማታ ልጄ ቤተልሄም ከሐዋሳ ደወለች። የሽንኩርቱን ነገር እየሳቅሁ ነገርኳት። አልሳቀችም። እማዬ ለምን አትመረመሪም አለችኝ። አቧራ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ነርሷ እኔ ነኝ አልኳት። አባትሽን እንዳታስጨንቂ አልኳት።

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ዛሬ ሰው መታሁ።

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ወልዴ ሌሊቱን ተቀምጦ ነው ያደረ። ጠዋት ሸለብ ሲያደርገው ሚክሰሩን አስነሱት። አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ በፈረሰው አጥር ገባሁ፤ ሞተሩ ላይ ልደፋው ነው። አጥፉት አልኳቸው። ሁለቱ ሳቁ። ገመቹ ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። በክፉ አልያዘኝም፤ ማሽኑ እንዳይጎትተኝ ብሎ ይመስለኛል። ጎንበስ ብዬ ከመሬት የፌሮ ቁራጭ አነሳሁና ክንዱ ላይ አሳረፍኩት። ብረት አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛም ሰነዘርኩ። ያ ሳተው።

ሚክሰሩ ብቻ ይዞራል። አልማዜ ከሰርቪስ እየሮጠች ወጣች።

«እትዬ ዘመነች፣ በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? በሽተኛዎን ቤት አስገብተው በር ይዝጉ እንጂ የሰው ልጅ ይቀጠቅጣሉ?»

በሽተኛዎን አለች። እንደ ዕቃ። ብረቱን ከእጄ ባይወስዱት እሷንም አልምራትም ነበር።

የገመቹ ክንድ አልተሰበረም። ራሴ መርምሬ በፋሻ አሰርኩለት። «አይዞዎት ሲስተር» አለኝ፣ የተመታው እሱ ሆኖ። አለመናደዱ ይበልጥ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

አመልክቼ ነበር፤ ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡ። እስኪያዩ ድረስ ሥራው ግማሽ ቀን ቆመ። ወልዴ በረንዳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ የወፍ ድምፅ እየሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ፈቃዱ የተሟላ ነው፣ ማስክ እንዲያደርጉ አስጠንቅቀናል አሉኝ። ከሰዓት ቀጠሉ።

ወልዴ ማታ ማሳል ጀመረ። የድሮው ሳል አይደለም፤ ደረቅ ነው። ትኩሳት 38.4። ትንፋሽ 24።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

እህት ፀጋ አረፈች። ቀድሞም ልቧ ደካማ ነበር አሉ። ልቧ ነው። አዎ፣ ልቧ ነው።

ወልዴ 39። ትንፋሽ 28። አቧራ። አቧራ። አቧራ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26

ብሎኬት የጫነ መኪና በራችን ላይ አቁመው ሲያራግፉ ዋሉ። እያንዳንዱ ብሎኬት ሲወድቅ ወልዴ ይደነግጣል። ሲደነግጥ ይስላል። ሲስል መተንፈስ ያቅተዋል። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወጣሁና ድንጋይ አንስቼ የመኪናውን የፊት መስታወት መታሁት። ተሰነጠቀ። ሌላ አንስቼ ደገምኩት። ሹፌሩ ግንባሩን ይዞ ወረደ። ስብርባሪ ቅንድቡ ላይ ተሰክቶበታል።

መዝገቡ መጣ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የግቢያችንን በር በእግሩ ደጋግሞ መታ። ማጠፊያው ተነቀለ። ሁለት ሰው ወገቡን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው። ሴት ባይሆኑ፣ እናቴን ባያክሉ አለ። በሩ ወደ ውስጥ ተንጋዶ ቀረ። እስካሁን እንደዚያው ነው።

ወልዴ ሁሉንም ሰምቷል። ቆይቶ፣ «ዘሜ፣ ሆስፒታል ብንሄድስ?» አለኝ።

ከወሰዱህ እኔን አያስገቡኝም፣ ብቻህን ትሆናለህ፣ እዚሁ አስታምምሃለሁ አልኩት። እሺ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት እሺ ሲለኝ ኖሯል።

ለምን እምቢ እንዳልኩ ለራሴም አላብራራም። ይመረምሩት ነበር። ይኸው ነው።

እሁድ፣ ግንቦት 30

ትንፋሽ 36። ጥፍሮቹ ሰማያዊ። ደወልኩ። እየመጡ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ወልዴን ዛሬ ቀበርነው።

አምቡላንሱ አልዘገየም። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሳንደርስ፣ እጁን ይዤ ስቆጥር፣ ቁጥሩ አለቀብኝ። ትናንት ከአስከሬኑ ናሙና ወሰዱ፤ አሁን የሚሞት ሁሉ ይወሰድበታል አሉኝ። ለጥንቃቄ ብለው ነጭ የለበሱ ሰዎች ናቸው ያወረዱት። ስምንት ሰው ነበርን፤ ተራርቀን። ቤተልሄም የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እንዳትመጪ ብዬ ጮህኩባት። በስልክ ውስጥ ሆና አባቷ አፈር ሲለብስ ሰማች።

ከቀብር ስንመለስ ሶሌታ፣ የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ እየሞሉ ነበር።

ሠላሳ ሰው ይሆናል። ሚክሰሩ ይጮኻል፤ ባሬላ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እየተቀባበሉ ይጯጯሃሉ። ድንኳን አልተጣለም፤ ስድስት ወንበር ግቢ ውስጥ ነበር። ወንበሮቹ ላይ ሲሚንቶ ይዘንባል። ፓስተሩ ጸሎቱን እየጮኸ ጸለየ፤ ድምፁ ተሰነጠቀና ተወው።

መዝገቡ ኮፍያውን አውልቆ በአጥሩ ክፍተት መጣ። ቀብሩ ላይ ባለመገኘቱ ይቅርታ ጠየቀኝ። «ሙሌት ከተጀመረ አይቆምም ሲስተር። ካቆምነው ይሰነጠቃል» አለኝ።

አንገቱን እያየሁ ነበር። የት ላይ ቢወጉት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ባሌን በቀበርኩበት ቀን ያሰብኩት ይህን ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ዝናብ። ቤቱ ባዶ። የእሱን ካልሲ አጥቤ አሰጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጠዋት ጠዋት መዝገቡ ሶሌታውን ውሃ ያጠጣል፤ እንዳይሰነጠቅ። ለሲሚንቶ ውሃ አላጣም።

እሁድ፣ ሰኔ 7

ጸጥ ያለ ቀን። ሠራተኛ የለም። እነ መዝገቡ ሰርቪሳቸው ውስጥ ሆነው አምልኮውን በቴሌቪዥን ይከታተላሉ፤ መዝሙሩ እዚህ ድረስ ይሰማል። እኔ ግን አልከፈትኩም።

ጎመኑን ልኮተኩት ወጣሁ። የወልዴን ፒንሳ ይዤ ነበር።

መደቤ ውስጥ የቆሙት ሁለቱ አጣናዎች ከመወጣጫው ጋር የተያያዙት በጥቁር ሽቦ ነው። አራት ቦታ። ታችኞቹን ቆሜ ደረስኩባቸው። ለላይኞቹ መሰላል አመጣሁ። ቆረጥኳቸው። ግቢዬ ነው። ማንም አላስፈቀደኝም።

ወዲያው የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ንቅንቅ አላለም። ምሽት ላይ ነፋስና ዝናብ ይመጣል፤ ያኔ ሰው በሌለበት ይወድቃል። ነገ መጥተው መሬት ላይ ተከምሮ ያገኙታል። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው።

መሰላሉን መልሼ እጄን ታጠብኩ። እንደታዘዘው፣ በሳሙና፣ ሃያ ሰከንድ።

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ነፋስ አልመጣም።

መዝገቡ ከመወጣጫው ወደቀ። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ። ሠራተኞቹ ገና አልገቡም ነበር። የፎቁ ደረጃ ደግፎ የያዘው እንጨት ገና አልተነሳለትም፤ ስለዚህ ሶሌታውን ለማጠጣት በመወጣጫው ወጣ። ድምፁን ስሰማ ሮጬ ወጣሁ።

በጀርባው ነው የወደቀው፤ የብሎኬት ቁልል ላይ። አጣናው በላዩ ላይ። ከጆሮው ደም ይወርዳል። ዓይኑ ተከፍቷል። ማንም እንዳያነሳው ጮህኩ። አንገቱን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ልክ እንደተማርኩት። ገመቹ ሲደርስ ጣውላ አስመጥቼ በጨርቅ አስጠፍሬ አሳሰርኩት። እግሩን ቆነጠጥኩት። ጭኑን በመርፌ ወጋሁት። «ይቆንጥጡኝ እንጂ» አለኝ መዝገቡ። እየቆነጠጥኩት ነበር።

አልማዜ አጠገቤ ተንበርክካ ቀሚሴን ይዛለች። ያድኑልኝ ትላለች። ያድኑልኝ፣ ያድኑልኝ።

በመኪና ወሰዱት። ልብሴ ላይ ያለው የእሱ ደም ነው። ዘፍዝፌዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

የመዝገቡ ሁለት ወንድሞች ከአየር ጤና መጡ። ገመቹን ከሚክሰሩ ሥር ጎትተው አወጡት። ሽቦውን ሳታስር ሰው አስወጣህ አሉት። አስሬዋለሁ አለ። በድጋሚ ጠየቁት። አስሬዋለሁ፣ በገዛ እጄ አስሬዋለሁ አለ። አንደኛው በአካፋ እጀታ አፉን መታው። ወደቀ። ከዚያ በጫማ ነው። ጎኑን፣ ሆዱን፣ ራሱን። እኔ ፌሮ ያሳረፍኩበትን ክንዱን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር። በዚያ ክንድ ላይም ረገጡት።

ክፍተቱ ላይ ቆሜያለሁ። አምስት እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሠራተኞቹም ቆመው ያያሉ፤ እነሱስ ፈርተው ነው።

ፖሊስ ሲመጣ ወንድማማቾቹ ተረጋግተው እጃቸውን ታጠቡ። የተወሰደው ገመቹ ነው፤ በቸልተኝነት አካል በማጉደል። ሲያነሱት ደምና ሁለት ጥርስ ተፋ። ወደ እኔ ዞሮ አየ። ምናልባት ቁስሉን እንዳክምለት ነው። አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

አልማዜ ከሆስፒታል መጣች። አከርካሪው ተሰብሯል። ከወገብ በታች አይንቀሳቀስም፤ ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጧትም። በትክክል ባይታሰር ኖሮ ግን በመንገድ ላይ ያልቅ ነበር ብለዋታል።

«እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር» አለችኝ። ያን ቀን «በሽተኛዎን» ስላለችው ይቅርታ ጠየቀች። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ሙሉ ሰሃን ምግብ ትታልኝ ሄደች። አልቀመስኩትም። ሽታው መጥቶልኛል፤ እሱ ነው የገረመኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ይሸተኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

የወልዴ ውጤት መጣ። ኮሮና ነው።

ሁለት የጤና ባለሙያዎች በር ላይ ቆመው ነገሩኝ፤ ለእኔም ናሙና ወሰዱ። አሥራ አራት ቀን ከግቢ እንዳልወጣ፣ ሰው እንዳላስጠጋ። የገባሁበትን ቤት፣ የነካሁትን ሰው ሁሉ ጠየቁኝ። ወጣቷ ቅጽ ትሞላ ነበር። በቤቱ መጀመሪያ ምልክት የታየበት ማነው አለች።

ሲሚንቶ ነው ብዬ ጀመርኩ። አላቋረጠችኝም፤ አልጻፈችውም እንጂ።

«ሽታ የጠፋብዎት መቼ ነው?»

ግንቦት 15 አልኳት። ባለቤትዎስ? ግንቦት 20። ከዚያ በፊት የታመመ ሰው ጠይቀዋል? ሳንሱሲ አልኩ። ቀኑን አልኩ። ሞታለች አልኩ። ሦስቱን መስመር አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፈችና በቀስት አገናኘቻቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የተላላፊ በሽታ ቅጽ ሞልቻለሁ፤ ቀስቱ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም። ከፀጋ ወደ እኔ። ከእኔ ወደ እሱ። ግንቦት 15ም አውቀው ነበር። ድስቱን አፍንጫዬ ሥር እንደያዝኩ አውቄ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ቤተልሄም ትደውላለች፤ አላነሳም። እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ሰኞ የጻፍኩትን ላርመው።

ድምፁን ስሰማ ሮጬ ወጣሁ ብያለሁ። ውሸት ነው። በረንዳ ላይ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። መወጣጫው አለመውደቁን ጎህ ሲቀድ አይቻለሁ፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሻዬን ልጨርስ ብዬ ነበር። መዝገቡ የውሃ ቱቦውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ሰላም አለኝ ከማዶ። ራሴን ነቀነቅሁለት። የመጀመሪያውን ጣውላ ረገጠ። አጣናው መደቤ ውስጥ ሩብ ዙር ሲዞር አየሁት።

አትውጣ ማለት አንድ ቃል ነው።

ትንፋሽ መቁጠር ልማዴ ነው፤ የራሴን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ተነፈስኩ። ሁለተኛው ጣውላ ላይ ሲደርስ ስድስት ነበር። ያኔ ቢወርድ ይተርፍ ነበር። ወልዴ መጨረሻ ላይ አርባ ይተነፍስ ነበር ብዬ አሰብኩ። አንተ ደግሞ ምን ያህል እንደምትተነፍስ ልየው ብዬ አሰብኩ። በአሥራ ሁለተኛው ወደቀ።

ቃል በቃል ይህ ነው። ሰይጣን አልገፋፋኝም። ለቤተክርስቲያን ሰዎች እንዲያ ብል ያምኑኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

አልማዜን በስልክ ጠርቼ ክፍተቱ ድረስ እንድትመጣ ነገርኳት፤ እንዳትጠጋኝ ብዬ። ብሎኬት ቁልል አጠገብ ቆመች። ፊቷ አብጧል፤ ሰባት ቀን በሆስፒታል ወለል ላይ ነው የምትተኛው። አንድ ነገር ያስፈልግዎታል ወይ፣ አስቤዛ ልላክ ወይ አለችኝ።

ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳት። ገመቹ አስሮት ነበር። እሁድ ጠዋት ቆረጥኩት።

አልገባትም። ደገምኩት። ሰው ሳይወጣበት እንዲወድቅ ነበር የፈለግሁት አልኩ። እዚህ ላይ ላቆም ነበር ያሰብኩት። ሌሊቱን ሙሉ ተለማምጄው፣ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

አልማዜ በረንዳዬን አየች። ከበረንዳው ወደ አጣናው፣ ከአጣናው ወደ በረንዳው።

«ሲወጣ አይተሽዋል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

ጎንበስ አለች። ልትቀመጥ መስሎኝ ነበር። የብሎኬት ስባሪ አንስታ ወረወረችው። ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ጉንጬ ላይ። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። ሦስተኛው አለፈኝና የመስኮቱን መስታወት አረገፈው። አልሸሸሁም፤ ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ሦስቱንም የወረወረችው ድምፅ ሳታሰማ ነው።

ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ባልሽ በእኛ አቧራ አልሞተም። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አለችና ስልኳን አውጥታ ለፖሊስ ደወለች። አድራሻውን ነገረቻቸው። ስሜን ከነአባቴ ተናገረች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

ጉንጬን በመስታወት እያየሁ ራሴ ሰፋሁት። አራት ስፌት፤ ጠማማ ነው። ትከሻዬን በነጠላ አሰርኩት።

ለቤተልሄም ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሽንኩርቱንም፣ ሆስፒታል ብንሄድስ ያለኝንም። ከዚያ፣ እማዬ አሁን መዝጋት አለብኝ አለች። ዘጋችው። ብቻ በሰላም ትውለድ።

ከሰዓት በኋላ ሳጅኑ ቃሌን ሊቀበል መጣ። የለይቶ ማቆያ ቀኔ ስላላለቀ ጣቢያ አይወስዱኝም፤ ሲያልቅ መጥተው ይወስዱኛል። እሱ የተንጋደደው በር ላይ፣ እኔ በረንዳው ላይ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ እሱ ቆሞ ጻፈ። ጥቁር ልብሴንና የተሰፋ ጉንጬን ያያል። የልጅ ፊት አለው፤ እናቱን እያሰበ ይመስለኛል። ሲጨርስ መልሶ አነበበልኝ።

«…ሟች ባለቤቴን በማጣቴ ሐዘን ላይ ሳለሁ፣ ሽቦውን ባለማወቅ…»

ባለማወቅ አላልኩም አልኩት።

ለእርስዎ ብዬ ነው አለኝ። ዕድሜዎን፣ ሐዘንዎን ዳኛው ያይልዎታል። ገመቹ ለማንኛውም ነገ ይፈታል፤ ይህቺ አንዲት ቃል እሱን አትጎዳውም አለኝ። ደግ ሰው ነው። እኔም ሽቦውንና ሻዩን፣ ሁሉንም በዚያች ቃል ውስጥ መክተት እችል ነበር።

«ሰርዘው» አልኩት።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እያወቅሁ በል።»

ሰረዘ። ጻፈ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን በረንዳው ጫፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ተመለሰ። አንብቤ ፈረምኩ። ወረቀቱን በኪሱ ይዞት በመጣው ፌስታል አነሳው። እስክሪብቶውን ስዘረጋለት ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይያዙት፣ ግድ የለም» አለ።

በሽታውን ፈርቶ ይሁን እኔን፣ አልጠየቅሁትም። ይህን የጻፍኩት በእሱ እስክሪብቶ ነው።